እናቶቻችንም ጨንቋቸው ነበር፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ የቴሌግራም ግሩፖች አንድ ጽሑፍ ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ከብዙ ሰው ደርሶኛል። ከላኩልኝ አንዷ የተማሪዬ እናት ናት። «ቲቸር፣ እውነታቸውን አይደለም እንዴ?» የምትል መስመር ጨምራበታለች። ደሴ ውስጥ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን የሥርዓተ ጾታ ክበብም እመራለሁ። ስለዚህ ጽሑፉ «ክበብ እንመራለን የሚሉ መምህራን» ሲል እኔንም ጠርቶኛል ማለት ነው። አቤት ልበል።

ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። ኮምቦልቻ የሚኖሩ የሴት ልጆች አባት እንደሆኑ ብቻ ነግረውናል። ልጆቻቸውን የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከጽሑፉ በግልጽ ይታያል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ መልስ ለመጻፍ አልደክምም ነበር።

ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። የታዳጊ ሴት ልጆች ጭንቀትና ድብርት ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው፤ እናቶቻችን የባሰውን ችለው ኖረዋል። ስለ ስሜት ማውራት ያልነበረ ችግር መፍጠር ነው። «ማብቃት» የሚባለው ልጅን ከወላጇ ያጣላል። ወንዶቹ ተረስተዋል። ነገሩ ሁሉ የስልጠናና የአበል ንግድ ነው። ቤተሰብና ሃይማኖት ካሉ ደግሞ ሌላ አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ «ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» ብለው ይጠይቃሉ። ያጣመምኩባቸው ካለ ይመልሱኝ።

ከሚያስማማን ልጀምር። ስለ ስልጠናው የተናገሩት እውነት ነው። ሆቴል አዳራሽ ይከራያል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ተፈርሞ አበል ይወሰዳል። ልጆቹ ግን የሉም። ካሉም እንዲያጨበጭቡ የተጠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ የሻይ ሰዓቱ ከውይይቱ ይረዝማል። ለባነሩ የወጣው ብር የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ላይ መቀርቀሪያ ያስገጥም ነበር። መቀርቀሪያ የሌለው፣ ውሃም የማይመጣበት መጸዳጃ ባለበት ትምህርት ቤት የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ ምን ታደርጋለች? ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ቤቷ ትሄዳለች። በሚቀጥለው ወርም እንደዚያው። ታዲያ ገንዘቡ ያለቦታው ዋለ ማለት ችግሩ የለም ማለት ነው? ጸሐፊው ከመጀመሪያው ተነስተው ሁለተኛው ላይ ዘለሉ።

ስለ ወንዶቹም ግማሹን እቀበላለሁ። ሥራ አጥቶ ከሰዓቱን ጫት ላይ የሚያሳልፍ ወጣት ሆዱን ለማን ይናገራል? «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ነው ያደገው። ለእነሱም ክበብ ይቋቋም፤ ቀድሜ የምፈርመው እኔ ነኝ። ግን ጽሑፉን ደጋግሜ አንብቤ ለወንዶች ይደረግ የተባለ አንድም ነገር አላገኘሁበትም። ወንዶቹ የተነሱት የሴቶቹን ለማዘጋት ብቻ ከሆነ እነሱንም አልረዳናቸውም።

አሁን ወደ ዋናው። «እናቶቻችን በድርቅና በጦርነት ውስጥ አልፈው አንድ ቀን ጨነቀን አላሉም» ይላሉ።

አላሉም? ወሎ የሚኖር ሰው ይህን ሲጽፍ ይገርመኛል። ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ሲፈጩ የሚያንጎራጉሩት ምን ነበር? በልጅነት ስለ መዳር፣ ስለ ራቀ ወላጅ፣ ስለ ሞተ ልጅ፣ ስለ ክፉ ባል አልነበረም እንዴ? ቀን ለሰው የማይናገሩትን ሌሊት ለወፍጮው ይናገሩት ነበር። ሰሚ ስላጡ እንጂ ስላልጨነቃቸው አይደለም።

ዛሩስ? ዛር ይኑር አይኑር ለጊዜው እንተወው፤ ቄሱም ሸይኹም ምን እንደሚሉ እናውቃለን። እኔን የሚገርመኝ ሥርዓቱ ነው። ሴትዮዋ «ያዛት» ሲባል ቤተሰቡ ይሰበሰባል። ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቡናው ይፈላል። ከዚያም «ምን ትፈልጊያለሽ? ምን ጎደለ?» ተብላ ትጠየቃለች። ሽቶ ትላለች፣ ቀሚስ ትላለች። ባልየው ተበድሮም ቢሆን ያመጣል። ዓመቱን ሙሉ ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት የማያውቅ ቤት የሚጠይቃት ወድቃ ስትንፈራገጥ ነው። «ችለው ኖሩ» የምንለው ይህንን ከሆነ፣ እኔ ለተማሪዎቼ አልመኘውም።

የታወቀ ሰው ምሳሌ ከተፈለገ ከደሴ መራቅ አያስፈልግም። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በስማቸው የተጠራላቸው ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። አምባሰል የተወለዱት መነን በዘመኑ ልማድ ገና ልጅ ሳሉ ተዳሩ። እ.ኤ.አ. በ1911 ተፈሪ መኮንንን ሲያገቡ ዕድሜያቸው ሃያ ገደማ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ከአንድ በላይ ትዳር አሳልፈው ልጆችም ወልደው ነበር። እኚህ ሴት እቴጌ ከሆኑ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1931 አዲስ አበባ ላይ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ችለው ካለፉት ሰዎች አንዷ እሳቸው ናቸው። ለኋለኞቹ ግን «እናንተም እንደኔ ቻሉት» አላሉም።

«ከውጭ የመጣ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ልጆች በዓለም ዙሪያ ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። ከጉርምስና በኋላ ድብርት በሴቶች ላይ ከወንዶቹ በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ በብዙ አገር ታይቷል። እሺ፣ ቁጥሩ የፈረንጅ ነው እንበል። 2014 ዓ.ም. ግን የእኛ ነው። ደሴ በጥቅምት ተይዛ ኅዳር መጨረሻ ላይ ስትለቀቅ እዚህ የነበረ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በትምህርት ቤቶቻችን ክፍል ውስጥ ተነጥፎላቸው ያድሩ ነበር። ያኔ አስር፣ አስራ አንድ ዓመት የነበሩ ልጆች ናቸው በኋላ ሁለተኛ ደረጃ የገቡት። የወደቀ ወንበር ሲጮህ ከመቀመጫዋ ብድግ የምትል ተማሪ አለችኝ። ፋሽን ተከትላ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልስጣቸው። ቲክቶክ ያመጣው ወሬ አለ። የሒሳብ ፈተና የከበዳት ሁሉ «ዲፕሬሽን ያዘኝ» ትላለች። ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም፤ ማልቀስም እንደዚያው። ባለሙያዎች የሚያዩት ሌላ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ የሚጫን ነገር፣ እንቅልፍና ምግብ መዛባት፣ ትወደው የነበረውን ነገር ሁሉ መተው፣ ክፍል ውስጥ ሆና አለመኖር። ይህንን ለመለየት ግን መጀመሪያ ልጅቷን ማየት ያስፈልጋል። «ፋሽን ነው» ብሎ የጀመረ ሰው አያያትም።

ሁለተኛው ነጥባቸው የተኛውን አትቀስቅሱ የሚል ነው። ማውራት ችግር ይፈጥራል ይላሉ። ግማሽ እውነት አለው፣ የትኛው ግማሽ እንደሆነም እነግራችኋለሁ። ልጅን ሰልፍ ፊት አቁሞ «የደረሰብሽን ተናገሪ» ማለት ጉዳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከባድ ነገር የደረሰበትን ሰው በአንድ ጊዜ ሁሉን እንዲያወጣ መገፋፋትን አይመክርም። እንዲህ የሚያደርግ ክበብ ካለ ይዘጋ። ግን በራሷ ጊዜ ለአንድ ለምታምነው ሰው መናገር ሌላ ነገር ነው። ከሁሉ የሚፈራው ጥያቄ እንኳ፣ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» የሚለው፣ ሐሳቡን ልጅ ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። የባለሙያዎቹ ምክር ግልጽ ነው፤ መጠየቅ ይሻላል። ያልተጠየቀች ልጅ ሐሳቡን ብቻዋን ይዛው ታድራለች።

ክበባችን ውስጥ የጥያቄ ሣጥን አለን። ስም አይጻፍበትም። ብዙዎቹ ወረቀቶች ጸሐፊው የሚፈሩትን ዓይነት አይደሉም። «የወር አበባዬ ሲመጣ ሆዴን በጣም ያመኛል፣ በሽታ ነው?» «እናቴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሁሌ ታወዳድረኛለች።» «ሞዴስ መግዣ አባቴን መጠየቅ አፈራለሁ።» አልፎ አልፎ ደግሞ እጅ የሚያንቀጠቅጥ ይመጣል። ያ ወረቀት ሣጥኑ ስላለ አልተፈጠረም። ሣጥኑ ባይኖር የት ይሄድ ነበር?

ከሁሉ በላይ የተጋራው ሦስተኛው ነጥብ ነው። ልጆቻችን እምቢ ማለት ተምረው ይመጣሉ፣ አክብሮት ጠፋ የሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሴት ልጅን ስናሳድግ ደጋግመን የምንነግራት ምንድነው? ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ። አትመልሺ። ዓይንሽን ዝቅ አድርጊ። እሺ በይ። ቤት ውስጥ ይህ ያማረ ጨዋነት ነው፤ እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት፣ አላፍርበትም። ችግሩ ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ነው። ባጃጅ ውስጥ እጁን የሚሰድድባትም ትልቅ ሰው ነው። «ውጤትሽን አስተካክልልሻለሁ፣ ከሰዓት ቢሮ ነይ» የሚላትም ትልቅ ሰው ነው። ዕድሜዋን ጨምሮ ፓስፖርት ሊያስወጣላት የሚመጣው ደላላም አንቱ የሚባል ነው። እሺ ማለት ብቻ የተማረች ልጅ ለእነዚህም እሺ ትላለች። ጸሐፊው እምቢ የምትል ልጅ አስፈርታቸዋለች። እኔን የምታስፈራኝ ለሁሉም እሺ የምትለዋ ናት።

በእርግጥ ልማዱ ቤትም ይገባል። እምቢ ማለትን የተማረች ልጅ አባቷንም አንድ ቀን «ለምን?» ትለዋለች። ይህን አልክድም። አንዳንዶቹ አነጋገሩን ገና አልቻሉበትም፤ ለሰው የማይባል ቃል ይጠቀማሉ፣ እኛም እንቆጣለን። ግን «ለምን» ያለች ልጅ ከእርስዎ ጋር እያወራች ናት። ከቤት ሌሊት ጠፍታ ከደላላ ጋር የሄደችዋ አንድ ቀን እንኳ «ለምን» ብላ አታውቅ ይሆናል።

«ወላጅን ከልጅ ያጣላሉ» ስለተባለው ደግሞ ከዚሁ ከክልላችን ምሳሌ አለ። ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮግራም ሞሰቦ በተባለ የገጠር ቦታ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 ተሞክሮ ነበር። ታዳጊ ልጆች በቡድን ይገናኛሉ፣ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣቸዋል፣ ስለ ጉዳያቸው ማኅበረሰቡ ራሱ ይወያያል። ልጁን ሳይድር እስከ መጨረሻ ለቆየ ቤተሰብ ደግሞ ፍየል ይሰጠዋል። ፍየሉ የልጅቷም የቤተሰቡም ነው። በዚህ ውስጥ ጠቡ የት አለ? ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ልጆች በእጅጉ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሐቁን ሁሉ ለመናገር ከ15 እስከ 19 ያሉት ላይ ውጤቱ አልተደገመም፤ እንዲያውም በፕሮግራሙ መጨረሻ ከሌላው አካባቢ ይበልጥ አግብተው ተገኙ። ስለዚህ ተአምር ነው አልልም። ትንንሾቹ ግን ዓመታት አተረፉ።

እነዚያ ዓመታት ቀልድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ኢትዮጵያውያት ግማሾቹ ያገቡት 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው የሚለው ሕግ ግን በፌዴራል ደረጃ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ ያልደረሰ ልጅ ያገባን ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕጉ ተጽፏል። «ዕድሜዬ አልደረሰም» ብላ አፏን ሞልታ የምትናገር ልጅ ከሌለች ግን ማን ይሰማል? ዳኛው ሰርጉ ላይ አይጠራ።

የመጨረሻው፣ ቤተሰብና ሃይማኖት ይበቃሉ የሚለው። ከልቤ የምወደው ነጥባቸው ይህ ነው፤ የማልስማማበትም እዚሁ ላይ ነው።

ወሎ የቡናና የዱአ አገር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሆዱን ይከፍታል። የእገሌ ልጅ ታመመ ይባላል፣ ዱአ ይደረጋል። የእገሊት ልጅ ከአረብ አገር አልደወለችም ይባላል፣ ዱአ ይደረጋል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን ይላል። ብዙ ከተማ ቢመኘው የማያገኘው ነገር ነው። ግን እስኪ ቡናውን ያፈላችውን ልጅ እንያት። ቆልታለች፣ ወቅጣለች፣ ሲኒውን አጥባለች፣ ሦስት ጊዜ ቀድታለች። የሰውን ጭንቀት ሁሉ ሰምታለች። የእሷን የጠየቀ አለ? አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ነገ ፈተና አለባት። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሌሊት ተነስታ ጀሪካን ትሞላለች። ሁሉም «አብሽሪ» ተባብሎ ይበተናል፤ እሷ ረከቦቱን ታነሳለች። ድጋፉ ቤት ውስጥ አለ ሲሉ ልክ ናቸው። እሷ ዘንድ ግን አልደረሰም።

ይህ እንግዲህ ቤተሰቧ አጠገቧ ያለች ልጅ ናት። ከቃሉና ከአልብኮ ገጠር መጥተው ኮምቦልቻ ላይ ቤት ተከራይተው የሚማሩትስ? ሦስት አራት ሆነው በአንዲት ክፍል ያድራሉ። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት ይወጣሉ፣ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኞ ማታ ብትታመም፣ የአከራይዋ ባል በሯን ቢያንኳኳ፣ «ቤተሰብ ይበቃል» የሚለው ምን ያደርግላታል? ከሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራውስ? ጸሐፊው «የቤታችን ልጆች» እያሉ ሲጽፉ እሷን ቆጥረዋት እንደሆነ መጠየቅ እፈልጋለሁ። በብዙ ቤቶቻችን ያች ልጅ ከቤቱ ልጆች ጋር እኩያ ናት።

ስለ እምነቱ የሚያጣላን የለም። ጥሩ ንስሐ አባት፣ ጥሩ ሸይኽ ከብዙ ምክር ይበልጣሉ። የታመመችን ልጅ ግን «ጸበል ብቻ» ወይም «ሩቅያ ብቻ» ብሎ ማስቀረት ሌላ ነው። ለሚጥል በሽታ፣ ለከባድ ድብርት መድኃኒት አለ። የደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጸበሏንም ትጠመቅ፣ ቁርአኗንም ታስቀራ፣ ክኒኗንም ትዋጥ። አንዱ ሌላውን አያስቆጣውም።

እንግዲህ «ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» ላሉት።

ለትምህርት ቤቶች፣ ባነሩ ይቅርና በሩ ላይ መቀርቀሪያ፣ ቢያንስ አንድ በርሜል ውሃ፣ መምህሯ ጋ ያለ ጥያቄ የሚወሰድ ሞዴስ ይቀመጥ። ልጅ ልትነግራት የምትችል አንዲት መምህር ትመደብና ሥራዋ ተብሎ ሰዓት ይሰጣት፤ አሁን የምንሠራው በዕረፍት ሰዓታችን ነው። ለቅሬዎቻችን፣ ማለትም ለእድሮቻችን፣ ሞት ሲሰማ ድንኳን ለመትከል የሚቀድማችሁ የለም። ሰው መንግሥትን ሳይፈራ ቅሬውን ይፈራል። ያልደረሰች ልጅ የሚድር አባል ቅጣቱ ይህ ነው ብላችሁ መተዳደሪያችሁ ላይ ጻፉ። ዕድሜ ጨምሮ ልጅ የሚልከውንም ጨምሩበት፤ ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ ለሥራ ወደ ውጭ መላክ በሕግም ክልክል ነው።

ለአባቶች፣ ጸሐፊውን ጨምሮ፣ የምለው አጭር ነው። ልጅዎ ውጤት ይዛ ስትመጣ ከቁጥሩ በፊት «እንዴት ነሽ?» ይበሏት፤ መልሱንም ቆይተው ይስሙ። «ደህና» ካለች በሁለተኛው ቀን ደግመው ይጠይቋት። ጀሪካኑን አንዳንድ ሌሊት ወንድሟ ይሙላ። እርስዎ እንዳሉት ወንዶቹም አይረሱ።

የቤት ሠራተኛ ካለችዎ ደግሞ የማታ ትምህርት መመዝገቧን ይጠይቁ። ተመዝግባ ከሆነ ክፍሉ የሚጀመረው እራት በሚሠራበት ሰዓት ነው። እራቱን ማን እንደሚሠራ ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ተነጋግረው ይወስኑ።